ሰውን የመያዝ ጥበብ

ስለ መሪነት በተጻፉት መጻሕፍት ውስጥ ለመሪ የሚያስፈልገው ጠባይ በብዙ ቍጥር ተዘርዝሮ ይገኛል። ጀግንነት፣ ዕውቀት፣ ቈራጥነት፣ ትጋት፣ የአንደበት ርቱዕነት፣ ይህንም የመሳሰለው ሁሉ መሪ ለሚሆን ሰው ተገቢ መሆኑን ማንም አይክደውም። ነገር ግን የአገራችንን ታሪክ በጥሞና በተመለከትን ጊዜ እነዚህን ጠባዮች ሁሉ አሟልተው ይዘው ሳሉ ያሰቡት ሳይፈጸምላቸው ያለፉ መሪዎችን እናገኛለን። ደግሞም ከእነዚያ በጀግንነትም በዐሳብ ርቀትም የማይበልጡ ሆነው ሳሉ ሥራቸው ጸንቶ የቆመላቸውን እናገኛለን። እንግዲህ ከተዘረዘሩት ጠባዮች በላይ ሆኖ ሁሉንም የሚያሠራቸው አንድ ሌላ ነገር መኖር አለበት ማለት ነው። እኛ ይህን ነገር ሰውን የመያዝ ጥበብ ብለን እንጠራዋለን።

ሰውን መያዝ ማለት በስጦታ መደለል ወይም በቅጣት አስፈራርቶ ማንበርከክ አይደለም። በስጦታ የተያዘ ሰው ስጦታው ያለቀ ዕለት ይለያል፤ በፍርሃት የተያዘውም የሚያስፈራው ክንድ የዛለ ዕለት ይከዳል። እኛ የምንለው በትውልድ፣ በዐሳብና በጥቅም የሚለያዩትን ሰዎች፣ ትናንት በጠላትነት የተሰለፉትን እንኳ ሳይቀር፣ የእያንዳንዱን ክብር ጠብቆ በአንድ ሥራ ላይ ማቆምን ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምረን እናውቀዋለን። ድሩን ሰብስቦ የሚያስተባብረው እጅ ምን ዓይነት እጅ መሆን እንዳለበት ግን ተረቱ አይነግረንም። ይህን የሚነግረን ታሪክ ነውና የሁለት ነገሥታትን ሥራ፣ ይልቁንም የዳግማዊ ዓፄ ምኒልክን፣ ከዚህ አንጻር እንመርምር።

ዓፄ ቴዎድሮስ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑ ጊዜ በመሳፍንት ተከፋፍላ የኖረችውን አገር አንድ የማድረግ ዐሳብ ይዘው ተነሡ። ሠራዊቱ ከባላገሩ ጓዳ እየዘረፈ መብላቱን ትቶ በደመወዝ እንዲያድር፣ መንገድ እንዲሠራ፣ መድፍ በአገር ውስጥ እንዲቀለጥ አሰቡ፤ በጋፋት ያሠሩት የእጅ ጥበብ ሥራም የዐሳባቸው ምስክር ነው። በጀግንነትም ሆነ አርቆ በማሰብ ከዘመናቸው ሰዎች ማንም የሚስተካከላቸው አልነበረም። ነገር ግን ዐሳባቸው የፈጠነውን ያህል ሰው አልፈጠነላቸውም። ሰውም ባልፈጠነላቸው ጊዜ ቍጣቸው እየበረታ ሄደ። በመሬት ጉዳይ ከካህናቱ ጋር ተጣሉ፤ ይህን ጠብ የሚያበርድላቸው ሽማግሌ በአጠገባቸው አላቆዩም። የየአገሩ ባላባት በየተራው ሸፈተባቸው፤ እርሳቸውም ለሽፍትነቱ ያገኙት መድኃኒት ቅጣት ብቻ ሆነ። በ1859 ዓ.ም. የነገሥታቱን ከተማ ጎንደርን አቃጠሉ።

የዚህ ሁሉ ውጤት በ1860 ዓ.ም. ታየ። የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር እየተመራ ከዙላ ወደብ እስከ መቅደላ ግርጌ ድረስ ወደ 600 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ተራራና ገደል አቋርጦ ሲመጣ መንገዱን የዘጋበት የአገር ሰው አልነበረም። ይልቁንም በትግሬ የነበሩት ደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ ዓፄ ዮሐንስ የተባሉት፣ መንገድና ስንቅ እንዲያገኝ ረዱት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዓፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ላይ እጃቸውን ለጠላት ላለመስጠት ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳለፉ። ክብራቸው በሕዝቡ ልብ ውስጥ እስከ ዛሬ ሕያው ነው። ይሁን እንጂ ዐሥራ ሦስት ዓመት የደከሙለት አንድነት በዚያች ዕለት ከእርሳቸው ጋር ሊቆምለት የመጣ ብዙ ሰው አለመገኘቱን ታሪክ ሊሸሽገው አይችልም።

ከዚያው ከመቅደላ አምባ ግን አንድ ተማሪ ወጥቶ ነበር። የሸዋው ንጉሥ የኃይለ መለኮት ልጅ ምኒልክ ገና በልጅነታቸው ተማርከው ወደ ዐሥር ዓመት ያህል በዓፄ ቴዎድሮስ እጅ አደሩ። ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ልጅ አሳደጓቸው፤ ልጃቸውንም ዳሩላቸው። በሰኔ ወር 1857 ዓ.ም. ከአምባው አምልጠው በወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት አገር በኩል አልፈው ሸዋ ሲገቡ ዕድሜያቸው ሃያ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እነዚያ ዐሥር ዓመታት ለምኒልክ ታላቅ ትምህርት ቤት ነበሩ ብንል ከእውነት አንርቅም። የአንድን ታላቅ ሰው ታላቅ ዐሳብ በዓይናቸው አዩ፤ ያ ዐሳብ ሰው አጥቶ ሲደክምም አብረው አዩ። ከዚያ በኋላ የሠሩትን ስንመለከት ሁለቱንም እንዳልዘነጉ እንረዳለን።

የመጀመሪያው ምልክት የራስን ልክ ማወቃቸው ነው። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት የሚለውን ስም ገና ከሸዋ ሳሉ ይዘውት ነበር። ነገር ግን ዓፄ ዮሐንስ በብርቱ ሠራዊት ወደ ሸዋ በመጡ ጊዜ፣ በ1870 ዓ.ም. ልቼ በተደረገው ስምምነት፣ ያን ስም ትተው ንጉሠ ሸዋ መባልን ተቀበሉ፤ ግብርም ገቡ። ለወጣትና ለኩሩ ንጉሥ ይህ መራራ ጽዋ መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም በዚያ ትሕትና ሸዋ ከጥፋት ዳነች፤ እርሳቸውም ጊዜ አገኙ። ቀን እስኪወጣለት ዝቅ ማለትን የማያውቅ መሪ ከእልኩ በስተቀር የሚያተርፈው ነገር የለም፤ ለእልኩ የሚከፍለው ግን ሕዝቡን ነው።

ሁለተኛው ምልክት ድል ባደረጉት ሰው ላይ ያሳዩት ጠባይ ነው። በግንቦት ወር 1874 ዓ.ም. ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በእምባቦ ተዋጉ። ብዙ ሰው አለቀ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ቈስለው ተማረኩ። በዚያ ዘመን ልማድ የተማረከ ተቀናቃኝ ዕድሉ ሰንሰለትና አምባ፣ አለዚያም ከዚያ የከፋ ነበር። ምኒልክ ግን ቍስላቸውን አስታመሙ፤ ክብራቸውንም ጠበቁ። ዓሥራ አራት ዓመት ሳይሞላ ያው የጎጃም ንጉሥ ሠራዊታቸውን ይዘው በዓድዋ ከዓፄ ምኒልክ ጎን ተሰለፉ። በእምባቦ ሜዳ ላይ የበቀል ሰይፍ ተመዝዞ ቢሆን ኖሮ በዓድዋ ሜዳ ላይ የጎጃም ጦር የሚቆምበት ስፍራ ባዶ ይሆን ነበር ብለን ለመናገር እንደፍራለን።

እንደዚሁም የትግሬው ራስ መንገሻ ዮሐንስ አባታቸው በመተማ ሲሞቱ ዘውዱን የተናዘዙላቸው ነበሩና ለዓፄ ምኒልክ መገዛት ሳይሆንላቸው ቆየ። በመረብ ማዶ የነበሩት የኢጣልያ ሹሞችም ይህን ቅሬታ መሣሪያ ለማድረግ ተስፋ አድርገው ነበር። ሆኖም በ1886 ዓ.ም. ራስ መንገሻ ከራስ አሉላ ጋር ሆነው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ እንደ አገሩ ሥርዓትም ድንጋይ ተሸክመው ምሕረት ጠየቁ፤ ተማሩም። በዚያች ቀን አንድም ጥይት ሳይተኰስ ኢጣልያ ታላቅ ምሽግ አጣች። የውጫሌ ውል በሚያዝያ ወር 1881 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ በዐሥራ ሰባተኛው አንቀጽ ምክንያት የተነሣው ክርክር ወደ ጦርነት ሲያመራ፣ ጠላት የተማመነው በመድፉ ብቻ ሳይሆን በመሳፍንቱ መለያየትም ነበርና።

የምርኮኛን ነገር ካነሣን ዘንድ ስለ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። እኒህ ሰው በጨቦ ዘመቻ በልጅነታቸው ተማርከው ወደ ምኒልክ ግቢ የገቡ ናቸው። ትልቅ ዘመድ ወይም የመሳፍንት ሐረግ አልነበራቸውም። ነገር ግን ንጉሡ ብልኅነታቸውን አይተው ከደረጃ ወደ ደረጃ አወጡአቸው። ፊታውራሪ ገበየሁ በዓድዋ ከወደቁ በኋላ የእርሳቸውን ማዕርግ ወረሱ፤ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙም የጦር ሚኒስትር ሆኑ። በሰው ዘንድ «አባ መላ» ተብለው እስከ 1919 ዓ.ም. ድረስ በዚያው ሥልጣን ቈዩ። ሰውን በወገኑ ሳይሆን በችሎታው መመዘን ማለት ይህ ነው። መዛኙም የሚያገኘው ጥቅም የአንድ ቀን አይደለም።

ሦስተኛው ምልክት መከራን ከሕዝብ ጋር መካፈላቸው ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ የሰየመው ችጋር አገሩን አጠፋው። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀ፤ በሬ ባለመኖሩም እርሻ ቆመ። ገበሬው ያለ በሬ መቈፈርን እንደ ውርደት በመቍጠሩ ማሳው ዳዋ ለበሰ። በዚህ ጊዜ ዓፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማና መጥረቢያ ይዘው ቈፈሩ፤ መኳንንቱም እንዲያደርጉት አደረጉ። ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው የቈፈሩት መሬት የሚያበቅለው እህል ለአንድ መንደር እንኳ እንደማይበቃ የታወቀ ነው። ነገር ግን በዶማ መቈፈር ነውር አለመሆኑን በዚያው ሥራ አስተማሩ። ኋላም በ1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሌላውን የእጅ ባለሙያ በሥራው ምክንያት መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ ሲያስነግሩ ቀድሞ በእጃቸው ያሳዩትን በቃል ማጽናታቸው ነበር። አዋጅ ከምሳሌ ሲከተል ይሰማል፤ ምሳሌን ቀድሞ ብቻውን ሲወጣ ግን በግንብ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

አራተኛው ምልክት ምክርን መስማት ነው። «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይላል የአገራችን ሰው። በመስከረም ወር 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ተነግሮ ከየአውራጃው የተሰበሰበውና ወደ መቶ ሺህ የሚገመተው ጦር ወደ ሰሜን ተጓዘ። ኅዳር 28 ቀን በአምባላጌ ድል ተገኘ። ቀጥሎም በመቀሌ የነበረው የኢጣልያ ምሽግ ተከበበ። ምሽጉን በጉልበት ለመስበር በተደረገው ውጊያ ብዙ ሰው ከወደቀ በኋላ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ጠላት የሚቀዳበት ውሃ ተያዘበት፤ የጀግኖች ደም ያላስከፈተውን በር ጥማት አስከፈተው። በጦር ሜዳ ላይ የሴት ምክር መስማት የሚያሳፍራቸው አለቆች በበዙበት ዘመን ንጉሡ ምክሩ ከማን እንደ መጣ ሳይሆን ምን እንደሚጠቅም ተመለከቱ።

በዓድዋ ፊት ለፊት ደግሞ ሁለት ሠራዊት ተፋጠጠ፤ የሁለቱም ስንቅ እያለቀ ሄደ። ዓፄ ምኒልክ ጠላት በሳውርያ ከመሸገበት ቦታ ሳይወጣ እንዳይመቱት ታገሡ። በዚያኛው ወገን የነበሩት ጄኔራል ባራቲየሪም ወደ ኋላ መመለስን አስበው ነበር። ነገር ግን የመንግሥታቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ከሮም በቴሌግራም እየወቀሱ ድል እንዲያመጡ አስጨነቁአቸው። የጦር አለቆቻቸውን ሰብስበው በጠየቁ ጊዜም ጄኔራሎቹ ወደ ፊት መሄድን መከሩ። እርሳቸውም ዐይናቸው ያየውን ትተው ተግሣጹን የፈሩ ይመስላል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዕለተ እሑድ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ከዚያ ጉባኤ ከወጡት አራት ጄኔራሎች ውስጥ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ፤ አልበርቶኔ ተማረኩ። በሁለቱም ሰፈር ምክር ነበረ፤ ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ በአንደኛው ሰፈር መሪው ምክሩን በነጻ ልብ መዘነ፤ በሁለተኛው መሪው አለቃውን እየፈራ ሰማ። ከበላይ የሚመጣ ቍጣ የበታቹን ዐይን የሚጋርድ ከሆነ የሚሳሳተው የበታቹ ብቻ አይደለም።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ምስጋና ነው። ታሪክ ግን የምስጋና መጽሐፍ ብቻ አይደለምና ሌላውንም ገጽ እንግለጥ። ያ ለተክለ ሃይማኖት፣ ለመንገሻና ለኢጣልያ ምርኮኞች የተዘረጋው ምሕረት ለሁሉ እኩል አልተዘረጋም። በጥቅምት ወር 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ውል ሲፈረም ጣልያናውያኑ ምርኮኞች ወደ አገራቸው የሚሄዱበት መንገድ ተከፈተ። ከመረብ ማዶ የመጡትና በኢጣልያ ወገን ተሰልፈው የተማረኩት አስካሪዎች ግን አስቀድሞ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው እንዲቈረጥ ተፈርዶባቸው ነበር። የባሕር ማዶውን ሰው ማርኮ አክብሮ መመለስ፣ የገዛ ወንድምን ግን አጕድሎ መስደድ ከባድ ነገር ነው። ፍርዱ በዘመኑ የከዳተኛ ቅጣት ተብሎ መሰጠቱን እናውቃለን፤ ነገር ግን የዘመኑን ልማድ በሌላ ስፍራ ያሸነፈ ንጉሥ በዚህ ስፍራ በልማዱ መሸነፉን እናስተውላለን።

በደቡብም ነገሩ እንዲሁ ነው። የጅማው አባ ጅፋር ሳይዋጉ በመገበራቸው አገራቸውን ራሳቸው እያስተዳደሩ ቆዩ። በ1887 ዓ.ም. በወላይታ ላይ የተደረገው ዘመቻ ግን እጅግ የከፋ ነበር፤ ካዎ ጦና ተማረኩ፤ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ ብዙም ተዘረፈ። ከዘመቻ በኋላ ገበሬው ለዘማቹ ገባር ሆኖ በገዛ መሬቱ ላይ ባዕድ ሆነ። ከዚህ ሥርዓት የተወለደው የመሬት በደል በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ ዘለቀ። መሳፍንቱን በክብራቸው የያዘው ጥበብ ለገባሩ ባለመድረሱ የተረፈው ቅሬታ ከዘውዱ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አገኘ። ከዚህ የምንማረው ሰውን የመያዝ ጥበብ ለትልቁ ብቻ ከሆነ ገና ግማሽ ጥበብ መሆኑን ነው።

ሁለተኛው ጕድለት ደግሞ የማሰሪያው ነገር ነው። መሳፍንቱን አንድ ላይ ያሰረው ክር የዓፄ ምኒልክ ሰውነት ራሱ ነበር፤ በእርሳቸው ፍቅር፣ በእርሳቸው ዳኝነት፣ በእርሳቸው ትዝታ ይያዙ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን የተረዱት ይመስላል፤ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን መሾማቸው ሥራው በሰው ሳይሆን በሥርዓት እንዲቆም መፈለጋቸውን ያሳያል። ግን ዘግይቶ ነበር። ሕመም ጠናባቸው፤ ግቢውም በወገን በወገን ተከፈለ። እቴጌ ጣይቱ በ1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ እንዲርቁ ተደረገ፤ እንደራሴው ራስ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሞቱ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዓፄ ምኒልክ ዐረፉ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤልና የሸዋው ጦር በሰገሌ ተፋጁ።

ይህን ነገር ቆም ብለን እናስበው። ንጉሥ ሚካኤል በዓድዋ ከዓፄ ምኒልክ ጋር የዘመቱ ራስ ነበሩ። በሰገሌ የገጠሙአቸው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም የዓድዋ ሰው ናቸው። በአንድ ንጉሥ ጥላ ሥር በአንድ ጠላት ላይ የተሰለፉ ሰዎች ሃያ ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ ወንድም ከወንድም ጋር ተገዳደሉ። ሰዎቹ ጀግንነታቸውን አላጡም፤ አገራቸውንም መውደድ አልተዉም። የጐደለው የሚያስማማቸው ሰው ነበር፤ በዚያ ሰው ቦታ ሊቆም የሚችል፣ ሁሉም የሚቀበለው የተጻፈ ሕግ አልነበረም። በጽሑፍ የቆመ ሕገ መንግሥት ለአገራችን የተሰጠው በ1923 ዓ.ም. ነው፤ ያም ቢሆን የሥልጣኑን ሁሉ ምንጭ በንጉሡ ላይ ያኖረ ነበር።

እንግዲህ መልካም መሪ ማን ነው ብለን ብንጠየቅ ከዚህ ታሪክ የምንሰጠው መልስ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ሰውን የሚይዝ ነው፤ ልኩን የሚያውቅ፣ ድል ሲያደርግ የሚምር፣ ችሎታን ከወገን የሚያስቀድም፣ በመከራ ቀን ዶማውን አስቀድሞ የሚያነሣ፣ ከማንም ቢመጣ እውነተኛውን ምክር የሚሰማ ነው። ሁለተኛው ክፍል ከባዱ ነው፤ ሰዎቹን ከራሱ ጋር ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸው፣ ከዚያም አልፎ ከፍትሐዊ ሕግ ጋር የሚያስተሳስር ነው። የመጀመሪያውን ያሟላ መሪ በሕይወቱ ሳለ ይመሰገናል፤ ሁለተኛውን ያሟላ ግን ሥራው ከሞቱ በኋላ ይቀጥላል።

ይህ ነገር ለነገሥታት ብቻ የሚነገር አይደለም። አንድ ሹም ቢሮውን ሲረከብ ከእርሱ በፊት የነበረውን ሰው ወዳጆች እንደ ምርኮኛ ሊያያቸው ወይም እንደ ሀብተ ጊዮርጊስ ሊያሳድጋቸው ይችላል። አንድ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ከበታቹ የሚመጣውን ምክር ሊሰማ ወይም ሁሉም እየፈሩት የሚወደውን ብቻ እንዲነግሩት ሊያደርግ ይችላል። ወጣቱም ተማሪ ነገ ኃላፊነት ሲደርሰው ምሕረቱ እስከ ማን ድረስ እንደሚደርስ፣ ለባለ ማዕርጉ ብቻ ወይስ ለገባሩም ጭምር መሆኑን ከዛሬ ጀምሮ ሊያስብበት ይገባል። የአንድን ሹም ሥራ ለመመዘን የሹመቱን ቀን አንጠብቅ፤ ከወንበሩ ከተነሣ በኋላ የተዋቸው ሰዎች አብረው ይሠሩ እንደ ሆነ እንመልከት። ዓድዋ የዓፄ ምኒልክን ጥበብ ታላቅነት አሳየን፤ ሰገሌ ደግሞ ያ ጥበብ ሳይፈጽመው የቀረውን ሥራ አሳየን። የቀረው ሥራ በእጃችን ነው።